የሁለት ዓመት ቅጣት፣ የሰባት ዓመት ዝምታ

 

እ.ኤ.አ. በ2024 የኤርትራው ብስክሌተኛ ቢንያም ግርማይ በታላቁ የፈረንሳይ ውድድር በቱር ደ ፍራንስ ሦስት ጊዜ ሲያሸንፍ በእኛም ቤት እልልታ ነበር። ብስክሌት በቤታችን ብዙም የሚታይ ስፖርት አይደለም። ነገር ግን ከጥቁር አፍሪካውያን መካከል በዚያ ውድድር ለማሸነፍ የመጀመሪያው የሆነው ሰው ጎረቤታችን ሲሆን ማን ዝም ብሎ ይቀመጣል? ታዲያ በዚያ ምሽት ወንዱ ልጄ አንድ ነገር ጠየቀኝ። «እማዬ፣ ድሮ በዚህ ውድድር ያሸነፉት ሰዎች መድኃኒት ይወስዱ ነበር አሉ። ተይዘው ተቀጥተዋል። ቅጣታቸውን ከጨረሱ በኋላ በቃ፣ ነገሩ አለቀ ማለት ነው?»

ጥያቄው ቀላል መስሎኝ «አዎ፣ ከጨረሱማ አለቀ» ልለው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ከዚያ በኋላ ስለ አንድ አሜሪካዊ ብስክሌተኛ ሳነብ ሰነበትኩ። ታሪኩ ከውድድሩ አስፋልት ይልቅ ለእኛ ለባለትዳሮች ጓዳ የቀረበ ሆኖ ስላገኘሁት ላካፍላችሁ ወደድኩ። ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፍላችሁ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።

ጥርሱን ያፋጨው ሰው

ታይለር ሃሚልተን የተወለደው በ1971 በማሳቹሴትስ ግዛት ማርብልሄድ በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ነው። በወጣትነቱ በበረዶ ሸርተቴ የሚወዳደር ስፖርተኛ ነበር። በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ሲማር ጀርባው ላይ ከባድ ጉዳት ስለደረሰበት በረዶውን ትቶ ወደ ብስክሌት ዞረ። በ1995 ደመወዝተኛ ብስክሌተኛ ሆነ። ቡድኑም በቀጣዩ ዓመት በአሜሪካ ፖስታ አገልግሎት ስም መጠራት ጀመረ። በኋላ ላንስ አርምስትሮንግ የመራው ያ ዝነኛ ቡድን ማለት ነው።

በዚያን ጊዜ በቱር ደ ፍራንስ አንድ ቡድን ዘጠኝ ብስክሌተኞች ይዞ ይገባ ነበር። ዘጠኙም እኩል አይደሉም። ስምንቱ የሚነዱት ለአንዱ መሪ ነው፤ ከፊቱ ሆነው ነፋሱን ይከላከሉለታል፣ ውኃ ያቀብሉታል፣ ተራራውን እየጎተቱ ያወጡታል። አርምስትሮንግ ከ1999 እስከ 2001 በተከታታይ ሦስት ጊዜ አንደኛ ሲወጣ ሃሚልተን ከእነዚህ ታማኝ አገልጋዮች አንዱ ነበር።

ከዚያ ወደ ሌላ ቡድን ተዛውሮ ራሱ መሪ ሆነ። በ2002 በጣሊያኑ ታላቅ ውድድር በጂሮ ዲ ኢታሊያ ወድቆ የትከሻው አጥንት ተሰነጠቀ። አላቆመም። ሕመሙን ለመቋቋም ጥርሱን ከማፋጨቱ የተነሣ በኋላ 11 ጥርሶቹ በሐኪም መጠገን አስፈለጋቸው። በዚያ ሁኔታ ሁለተኛ ወጣ። በ2003 ደግሞ በቱር ደ ፍራንስ ገና በመጀመሪያው ቀን ጉዞ ብዙዎች ተያይዘው ሲወድቁ በትከሻውና በአንገቱ መካከል ያለችው አጥንት ተሰበረች። ሐኪሞች ያቆማል ብለው ጠበቁ። እሱ ግን ከ3,400 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነውን ውድድር ጨረሰ፤ የአንዱን ቀን ጉዞ ብቻውን ተነጥሎ አሸነፈ፤ በአጠቃላይ ውጤትም አራተኛ ወጣ።

እስቲ ይህን ሰው ማን አይወደውም? አሜሪካውያን በጽናቱ፣ በትሕትናውና በለስላሳ አነጋገሩ ወደዱት። «እንደ እሱ ያለ ጨዋ ሰው የለም» አሉ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ሕመሙ እውነተኛ ነበር። የተሰበረው አጥንት በራጅ ታይቷል፣ ጥርሶቹም በእርግጥ ተጎድተዋል። ሰው ስለ እሱ የሚያደንቀው ነገር እውነት ስለነበረ የተደበቀውን ሊጠረጥር የሚችል ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል።

ትንሿ ቀይ ክኒን

የተደበቀውን ሃሚልተን ራሱ በ2012 ባወጣው መጽሐፍ ዘርዝሮታል። ነገሩ የጀመረው በ1997 ነው ይላል። በአንድ የስፔን ውድድር ላይ ደክሞት ሳለ የቡድኑ ሐኪም አንዲት ትንሽ ቀይ ክኒን ሰጠው። ቴስቶስተሮን የተባለው ሆርሞን ነበረች። የተነገረው ግን ይህ ለጤናህ ነው፣ ሰውነትህ ቶሎ እንዲያገግም ነው የሚል ነበር። ክኒኗን ዋጣት። የሰጡት ሰዎች እንደተመረጠ፣ ወደ ታላላቆቹ ማኅበር እንደገባ አድርገው አሳዩት፤ እሱም ደስ አለው።

ቀጥሎ ኢፒኦ መጣ። ይህ ኩላሊታችን የሚያመነጨው ሆርሞን ነው፤ መቅኒያችንን «ቀይ የደም ሕዋሳት ሥራ» ብሎ ያዝዛል። በመድኃኒትነት ሲዘጋጅ ኩላሊታቸው ተጎድቶ ደም ያነሳቸውን ሕሙማን ይረዳል። ጤነኛ ስፖርተኛ ሲወስደው ግን ቀይ ሕዋሳቱ በዝተው ብዙ ኦክስጅን ወደ ጡንቻ ስለሚያደርሱ ድካም ይዘገይለታል። ሲበዛ ደም ይወፍራል፤ ሊረጋና ሊገድልም ይችላል። በ1997 መድኃኒቱን በምርመራ ማግኘት ስለማይቻል የዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር ከደሙ ውስጥ የቀይ ሕዋሳት ድርሻ ከ50 በመቶ የሚበልጥ ሰው ለጊዜው ከውድድር እንዲወጣ ወሰነ። ብልጦቹ ታዲያ ምን አደረጉ? መድኃኒቱን ሳይተዉ ከ50 በታች ሆነው መቆየትን ተማሩ።

በ2000 የኢፒኦ ምርመራ ሲመጣ ደግሞ ወደ ደም ዞሩ። ሃሚልተን እንደጻፈው በዚያ ዓመት ሰኔ ወር ከአርምስትሮንግ ጋር ወደ ስፔኗ ቫሌንሲያ በረሩ። ከእያንዳንዳቸው አንድ ከረጢት ደም ተቀድቶ በቀዝቃዛ ቦታ ተቀመጠ፤ በሐምሌ በውድድሩ መካከል ሰውነታቸው ሲዝል ያው ደም መልሶ ገባላቸው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ቤት ውስጥ ምን ነበር? ኢፒኦ በቅዝቃዜ መቀመጥ ስላለበት ፍሪጅ ውስጥ ነበር። በግልጽ ስሙ እንዳይጠራ ብስክሌተኞቹ ኤድጋር አለን ፖ በተባለው አሜሪካዊ ደራሲ ስም «ፖ» ወይም «ኤድጋር» ይሉት ነበር። ሚስቱም ታውቅ እንደነበር ሃሚልተን ጽፏል። ሴትየዋን ለመክሰስ አይደለም ይህን ያነሳሁት። ባለቤቷ ከዚያ ሥራ ሌላ መንገድ የለም ብሎ ሲያምን፣ አብረውት ያሉት ሁሉ ሲያደርጉት፣ አንዲት ወጣት ሚስት ምን ያህል ትከራከራለች? ነገር ግን እኛ የሐናንያንና የሰጲራን ታሪክ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 5 የምናነብ ሰዎች ነን። በአንድ ቤት ውስጥ ለወተትና ለቅቤ በተሠራው ፍሪጅ ውስጥ በተውሶ ስም የሚጠራ ነገር ሲቀመጥ ባልና ሚስቱ አብረው የሚያውቁት ምስጢር ይሆናል። ብዙዎቻችን ይህን «አንድነት» እንለዋለን። እኔ ግን አንድ ላይ መደበቅና አንድ መሆን የተለያዩ ነገሮች ይመስሉኛል።

የሌላ ሰው ደም

በነሐሴ 2004 በአቴንስ ኦሊምፒክ እያንዳንዱ ለብቻው ከሰዓት ጋር በሚሽቀዳደምበት ውድድር ሃሚልተን የወርቅ ሜዳሊያ አገኘ። የሕይወቱ ከፍታ ነበር። አንድ ወር ብቻ ቆየ።

በዚያ ዓመት አዲስ ምርመራ መጥቶ ነበር። የሁለት ሰዎች የደም ዓይነት አንድ እንኳ ቢሆን በቀይ ሕዋሳታቸው ላይ ያሉት ጥቃቅን ምልክቶች ይለያያሉ። ስለዚህ አንድ ሰው የሌላውን ደም ቢወስድ በደሙ ውስጥ ሁለት ዓይነት ሕዋሳት ተደባልቀው ይታያሉ። በመስከረም ወር በስፔኑ ውድድር በቩዌልታ የተወሰደው የሃሚልተን ናሙና ይህንኑ አሳየ። በዚህ ምርመራ የተያዘ የመጀመሪያው ስፖርተኛ ሆነ። የአቴንሱም የመጀመሪያ ናሙና አጠራጣሪ ነበር፤ ነገር ግን ለማረጋገጫ የተቀመጠው ሁለተኛው ናሙና በላቦራቶሪው በስሕተት በረዶ እንዲሆን በመደረጉ ሕዋሳቱ ስለፈረሱ ሊመረመር አልቻለም። በዚህ ምክንያት ወርቁ በእጁ ቀረ። በስፔኑ ውጤት ግን ሁለት ዓመት ታገደ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነው ልቤን የነካው። ሃሚልተን «አልወሰድኩም» አለ። ጠበቆች ቆመውለት ተከራከሩ። በችሎቱ ላይ ምናልባት በማኅፀን ሳለ መንታ ወንድም ኖሮት ጠፍቶ ይሆናል፣ የሌላው ደም የመጣው ከዚያ ይሆናል የሚል ሐሳብ እንኳ ቀርቦ ነበር። ይግባኙ እስከ ስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት ደርሶ በየካቲት 2006 ውድቅ ሆነ።

እንዴት እንዲህ በድፍረት ሊከራከር ቻለ? በመጽሐፉ ያስረዳል። እሱ ያስቀምጥ የነበረው የገዛ ራሱን ደም ነበር። ስለዚህ «የሌላ ሰው ደም ወስደሃል» ሲባል፣ ይህማ ሐሰት ነው፣ ተበድያለሁ ብሎ ተቆጣ። በኋላ እንደገመተው ደሙን ያስቀምጥለት የነበረው ስፔናዊ ሐኪም ኤውፌሚያኖ ፉዌንቴስ ከረጢቶቹን አቀያይሮበት ይሆናል። ከክሱ አንዲት ነጥብ ስሕተት መስላ ስለታየችው በእሷ ላይ ቆሞ ትልቁን እውነት ሸፈነባት።

እህቴ፣ ወንድሜ፣ ይህን ነገር በቤታችን አናውቀውም? ሚስት «ሐሙስ ማታ ከእነማን ጋር ነበርክ?» ስትለው «ሐሙስ? ሐሙስማ ቤት ነበርኩ!» ብሎ የሚቆጣ ባል አለ። እውነትም ሐሙስ ቤት ነበር፤ ነገሩ የሆነው ዓርብ ነው። ቀኗን በመሳሳቷ ይቅርታ እስክትጠይቀው ድረስ ይወቅሳታል። የፓስተር ሚስት እንደመሆኔ ከባለቤቴ ጋር ባለትዳሮችን ስናነጋግር ይህን ዓይነቱን ቁጣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። በደለኛ ሰው ተበዳይ ሆኖ የሚቆጣው ከክሱ ውስጥ አንዲት የተሳሳተች ነጥብ ሲያገኝ ነው።

«እናምንሃለን» ያሉት

ሃሚልተን ሲካድ ብቻውን አልነበረም። ወዳጆቹና ደጋፊዎቹ «ታይለርን እመኑ» የሚል ዘመቻ አቋቁመው ነበር። ወላጆቹ፣ ጎረቤቶቹ፣ የማያውቁት ሰዎች ሁሉ ከጎኑ ቆሙ። የሚወዱት ሰዎች ባመኑት መጠን መናገር እየከበደው ሄደ፤ አሁን እውነቱን ቢናገር ስለ እሱ የተሟገቱለትን ሁሉ ያሳፍራልና።

ይህን ሳነብ የራሴን ጉዳይ አስታወስኩ። ልንገራችሁ።

ልጆቼ ትንንሾች ሳሉ የሴቶች እቁብ ነበረኝ። እጣው ወጣልኝና 12 ሺህ ብር ተቀበልኩ። በዚያው ሳምንት ታናሽ ወንድሜ ዕዳ ገብቶ መጣ። ባለቤቴ ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ ረድቶት ስለነበር «ከእንግዲህ ራሱን ይቻል» ተባብለን ወስነን ነበር። እኔ ግን አንጀቴ አልቻለም፤ ገንዘቡን በሙሉ ሰጠሁት። ለባለቤቴ ደግሞ «እቁቡ ገና አልወጣልኝም» አልኩት።

አራት ወር ቆየ። በየማታው በቤተሰብ ጸሎታችን ላይ ባለቤቴ «ጌታ ሆይ፣ የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ደርሷል፤ የእናታቸውን እቁብ ነገር አስብልን» ብሎ ይጸልያል። ልጆቼ «አሜን» ይላሉ። እኔም ዓይኔን ጨፍኜ «አሜን» እላለሁ። አንድ ቀን የእቁቡ ዳኛ መንገድ ላይ አግኝተውት «ገንዘቡ ለቁም ነገር ዋለ ወይ?» አሉት። ቤት መጥቶ ሲጠይቀኝ ምን ያልኩ ይመስላችኋል? «ዳኛው ከሌላ ሴት ጋር አምታተውኝ ነው» አልኩ። ተይዤም ካድኩ። እውነቱን ለመናገር ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ስነግረው ረጅም ጊዜ ዝም አለና፣ «ገንዘቡስ ይሁን። አሜን ያልሽው ግን አሳዘነኝ» አለኝ።

እስከ ዛሬ ያ ቃል አልተረሳኝም። የእሱ ጸሎት ለእኔ «እናምንሃለን» እንደሚለው ዘመቻ ነበር። የሚያምነኝ ሰው ስለ እኔ እየለመነ ሳለ ነበር የምዋሸው።

ቅጣቱ አለቀ፤ ታዲያስ?

ወደ ልጄ ጥያቄ ልመለስ። የሃሚልተን እገዳ በመስከረም 2006 አበቃ። ተመልሶ ተወዳደረ። በ2008 የአሜሪካን የመንገድ ላይ ሻምፒዮና አሸነፈ። በሕጉ ዓይን ዕዳውን ከፍሎ ጨርሷል።  ግን አላረፈም። ቃለ መጠይቅ በተደረገለት ቁጥር ያንኑ ክህደት መድገም ነበረበት። ትዳሩም ፈረሰ፤ የትዳራቸውን ነገር የሚያውቁት እነሱ ናቸውና እኔ ምክንያት አልሰጥም።

ለብዙ ዓመታት በድባቴ ሕመም ይሠቃይ ነበር። በ2009 መጀመሪያ እናቱ በካንሰር በታመሙበት ወቅት የታዘዘለትን መድኃኒት ትቶ ከዕፅዋት የተዘጋጀ ነው የተባለ ማስታገሻ ወሰደ። በውስጡ ዲ.ኤች.ኢ.ኤ. የተባለ የተከለከለ ንጥረ ነገር ነበረበት። ተመርምሮ ተገኘበት። በዚህ ጊዜ አልተከራከረም፤ መውሰዱን አምኖ ውድድርን ተወ። ሁለተኛ ጥፋቱ ስለሆነ ስምንት ዓመት ተቀጣ። በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር ልበል፦ ድባቴ በሽታ ነው። በቤታችሁ እንዲህ የሚሠቃይ ሰው ካለ «የተደበቀ ኃጢአት ስላለበት ነው» ብላችሁ አታስጨንቁት፤ ሐኪም ያዘዘለትንም መድኃኒት አታስጥሉት። ሃሚልተን ሐኪም ያዘዘለትን ትቶ ሌላ በመውሰዱ ምን እንደደረሰበት አይተናል።

ደብዳቤውና ሜዳሊያው

በ2010 የአሜሪካ መንግሥት በፖስታ ቡድኑ ላይ ምርመራ ጀመረ። ሃሚልተን ምስክር እንዲሆን በሕግ ተጠራ። በመሐላ ሥር መዋሸት እስር ያስከትላልና እውነቱን ተናገረ። እንግዲህ ልንሸፋፍንለት አይገባም፤ መጀመሪያ የተናገረው ተገድዶ ነው። ብዙዎቻችንም እንዲሁ ነን፤ የእቁብ ዳኛው ካላገኙት በስተቀር እኔም እስከ መቼ ዝም እል እንደነበር አላውቅም።

ነገር ግን ያ ምስክርነት በዝግ የተሰጠ ነበር። ከወጣ በኋላ በአደባባይ ዝም ማለት ይችል ነበር። አላደረገውም። በግንቦት 2011 ሲ.ቢ.ኤስ. በተባለው ጣቢያ «60 ደቂቃ» በተሰኘ ፕሮግራም ላይ ቀርቦ ሁሉን ተናገረ። ከመተላለፉ በፊት ግን ለቤተሰቡና ለወዳጆቹ ደብዳቤ ጻፈላቸው፤ በቴሌቪዥን ከመስማታቸው በፊት ከእሱ እንዲሰሙት ፈለገ። የአቴንሱንም ወርቅ ለአሜሪካ ጸረ አበረታች መድኃኒት ድርጅት አስረከበ። ከተያዘ ሰባት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ቀርተውት ነበር።

ሜዳሊያውን በሕግ ማንም አልወሰደበትም ነበር፤ ናሙናው በበረዶ ስለተበላሸ ተርፎለታል። በሕግ የተረፈለትን በገዛ እጁ መለሰ። በነሐሴ 2012 የኦሊምፒክ ኮሚቴው ስሙን ከመዝገቡ ሰርዞ ወርቁን ሁለተኛ ለወጣው ለሩሲያዊው ቪያቼስላቭ ኤኪሞቭ ሰጠ።

ለመናገሩ የተጨበጨበለት እንዳይመስላችሁ። ብዙዎች «መጽሐፍ ሊሸጥ ነው»፣ «አንዴ የዋሸ ሰው ማን ያምነዋል?» አሉት። እውነትም ያን ሁሉ ዓመት ዋሽቶ በአንድ ቀን ይታመን ዘንድ መብት አልነበረውም። ነገር ግን በጥቅምት 2012 የጸረ አበረታች መድኃኒት ድርጅቱ ሰፊ ዘገባ ሲያወጣ ሃሚልተንን ጨምሮ 11 የቀድሞ የቡድን ጓደኞች መመስከራቸው ታወቀ። አርምስትሮንግ ሰባቱን የቱር ደ ፍራንስ ድሎቹን ተነጠቀ፤ በጥር 2013 እሱም በቴሌቪዥን ቀርቦ አመነ።

በመዝሙር 32 ንጉሥ ዳዊት ኃጢአቱን ዝም ብሎ በያዘበት ወራት አጥንቱ እንደደከመ ይነግረናል። ስለ ሃሚልተን ሳነብ ይህ መዝሙር ወደ አእምሮዬ መጣ። በአጥንት ስብራት ጽናቱ ዓለም ያደነቀው ሰው፣ የተሰበረችው የአንገቱ ሥር አጥንት በሳምንታት ውስጥ ጠግናለታለች። የዝምታው ነገር ግን እስከ ደብዳቤው ቀን ድረስ አልጠገነም።

ለልጄ የሰጠሁት መልስ

በመጨረሻ ልጄን ጠርቼ እንዲህ አልኩት። «ቅጣት ሌሎች በአንተ ላይ የሚያደርጉት ነው። ቀኑ ሲደርስ ያልቃል። እውነቱን መናገር ግን አንተ ራስህ ካላደረግኸው በስተቀር የሚያልቅበት ቀን የለውም።» ትንሽ አሰበና «ታዲያ ከነገራቸው በኋላ አመኑት?» አለኝ። «አንዳንዶቹ» አልኩት። ከዚህ የተሻለ መልስ አልነበረኝም።

ውድ ባለትዳሮች፣ ከዚህ ታሪክ ለቤታችን የሚሆኑ ሦስት ነገሮችን ልተውላችሁ።

አንደኛ፣ መጀመሪያ ሊሰማ የሚገባው የተበደለው ሰው ነው። ሃሚልተን ደብዳቤውን ከቴሌቪዥኑ በፊት መላኩ ትክክል ነበር። ለመድረክ ምስክርነት ከመሮጣችሁ በፊት ለባለቤታችሁ ተናገሩ። ሚስት የባሏን ነገር ከጉባኤ ጋር እኩል መስማት የለባትም።

ሁለተኛ፣ የተናገረ ሰው በዚያው ዕለት እንዲታመን አይጠይቅ። እኔ ለባለቤቴ ከነገርኩት በኋላ የቤት ወጪ የምንጽፍበት አንድ ደብተር ገዛን። ለአንድ ዓመት ያህል የሰልስና የሽንኩርት ሳንቲም ሳይቀር ጻፍኩበት። እሱ አልጠየቀኝም፤ እኔ ነኝ ያመጣሁት። ያ ደብተር የእኔ ሜዳሊያ መመለሻ ነበር ማለት እችላለሁ።

ሦስተኛ፣ እናንተ የምትሰሙት ወገኖች ሆይ፣ ሰው እውነቱን ሲናገር «ስንት ጊዜ አሜን አልሽ?» ብላችሁ እየቆጠራችሁ አታስጨንቁት። ማዘናችሁን ግን አትደብቁ። ባለቤቴ እንዳዘነ ባይነግረኝ ኖሮ ነገሩ የገንዘብ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

በዚህ ሳምንት ልጆች ከተኙ በኋላ ሻይ አፍልታችሁ ተቀመጡና እርስ በርሳችሁ ተጠያየቁ። «በተውሶ ስም የምንጠራው ነገር በቤታችን አለ ወይ? አንዱ ሌላውን በማመን ብቻ አሜን እያለ ያለበት፣ ሌላው ግን እውነቱን የሚያውቅበት ጉዳይ አለን?» ካለ የእቁቡ ዳኛ እስኪመጡ አትጠብቁ።

በሚቀጥለው እትም እስክንገናኝ ሰላም ሁኑልኝ።